ስሜትን በማኅበር መግራት፦ የቦርደርላይን ሕመምና የቡድን ሕክምና ከወላይታ ሶዶ ሲታይ

ቦርደርላይን የስብዕና መታወክ በመባል የሚታወቀው የአእምሮ ጤና እክል በታማሚው ላይ ሥቃይ፣ በቤተሰቡ ላይ ግራ መጋባት፣ በሐኪሙም ላይ ድካም እንደሚያመጣ ብዙ ተብሏል፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ የሚነገረው ግን ሕመሙ በዋነኛነት የሚረግበው በትምህርትና በልምምድ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ታማሚዎች በየሳምንቱ እየተገናኙ አብረው በሚማሩት ልምምድ መሆኑ ነው። ይህ እውነት እንደ ወላይታ ባለ አካባቢ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ዞኑ በመሰባሰብ ልማድ ድኻ አይደለምና። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የጸሎት ኅብረቱ፣ የመዘምራን ቡድኑ፣ የሴቶች የቁጠባ ማኅበሩ፣ ስለ ጋራ ጉዳይ የሚመከርበት ጉታራው በአንድ ሰው የሳምንት ኑሮ ውስጥ ሲፈራረቁ ይታያሉ። ስለዚህም ሰው እንዴት ይሰብሰብ ከሚለው ይልቅ፣ ስሜቱ በቀላሉ የሚናወጥ ሰው በምን ዓይነት ስብስብ ውስጥ ይረጋጋል፣ በምን ዓይነቱስ ይብስበታል የሚለው ሊመረመር ይገባል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያዘጋጀው የምርመራ መመሪያ ለዚህ ሕመም ዘጠኝ ምልክቶችን የሚጠቅስ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ ከጉርምስና ማብቂያ አንሥቶ በልዩ ልዩ የኑሮ ሁኔታዎች ውስጥ ሲደጋገሙ ምርመራው ይሰጣል። ታማሚው የሚወደው ሰው ትቶት እንዳይሄድ እጅግ ይፈራል፤ ዛሬ መልአክ አድርጎ ያየውን ሰው ነገ እንደ ጠላት ያየዋል፤ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ለራሱም ይምታታበታል፤ ኋላ የሚጸጸትበትን ነገር በስሜት ግፊት ያደርጋል፤ ራሱን ይጎዳል ወይም ስለ መሞት ደጋግሞ ይናገራል፤ ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ይዘላል፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሰማዋል፤ ቁጣውን መግታት ያቅተዋል፤ በከባድ ጭንቀት ጊዜም ሰውን ያለ ምክንያት ይጠራጠራል ወይም ከራሱ ተለይቶ የቆመ ያህል ይሰማዋል። ማንኛውም ሰው ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን በራሱ ላይ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ምርመራውን መስጠት ያለበት የሠለጠነ ባለሙያ እንጂ ጎረቤት ወይም የተቆጣ የትዳር ጓደኛ አይደለም።

ስሙን በዚህ ትርጉም የጀመረው አዶልፍ ስተርን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተንታኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ባቀረበው ጽሑፍ በቀላል የነርቭ ጭንቀትና በከባድ የአእምሮ ሕመም ድንበር ላይ የቆሙ የሚመስሉ ታማሚዎችን ለመግለጽ ተጠቅሞበታል። ሕመሙ በይፋዊው የአሜሪካ መመሪያ የተካተተው በ1980 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው አዲስ ምደባ የስብዕና መታወክን በክብደቱ መጠን እየለካ፣ ቦርደርላይንን ከዚያ ሥር የሚታይ አንድ መልክ አድርጎ አስቀምጦታል። በሕክምና ተቋማት ምርመራው ይበልጥ የሚሰጠው ለሴቶች ቢሆንም፣ በአሜሪካ በሕዝብ መካከል በተደረገ ሰፊ ዳሰሳ በወንዶችና በሴቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ይህም ወንዱ በቁጣውና በመጠጡ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሴቷ በራሷ ላይ ባደረሰችው ጉዳት ወደ ሆስፒታል የሚያመሩ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል።

ሕመሙ ከሌሎች ጋር በቀላሉ የሚምታታ ነው። ባይፖላር በተባለው ሕመም የስሜቱ መውጣትና መውረድ ለቀናትና ለሳምንታት የሚዘልቅና ብዙ ጊዜ ያለ ግልጽ ምክንያት የሚመጣ ሲሆን፣ በቦርደርላይን ግን ለውጡ በሰዓታት የሚቆጠርና አብዛኛውን ጊዜ በሰዎች መካከል በተፈጠረ ነገር፣ ለምሳሌ ባልተመለሰ የስልክ ጥሪ ወይም በቀዘቀዘ ሰላምታ፣ የሚቀሰቀስ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ እንደ ሕመም ከመታየቱ በፊት እንደ ክፉ ጠባይ፣ እንደ ንቀት ወይም እንደ መንፈስ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ስለ መንሥኤው ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ሁለት ነገሮችን ያገናኛል፤ አንደኛው ሰውዬው ይዞት የተወለደው ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፣ ከፍ ብሎ የሚነድና ቀስ ብሎ የሚበርድ ተፈጥሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሜቱን ከመረዳት ይልቅ የሚያጣጥል፣ የሚያፌዝበት ወይም የሚቀጣ አካባቢ ነው። በልጅነት የደረሰ ጥቃት በብዙዎቹ ታማሚዎች ታሪክ ውስጥ ቢገኝም በሁሉም ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ሕመሙን ያየ ሁሉ ወላጅን መክሰስ የለበትም።

ለቤተሰብም ለባለሙያም ተስፋ የሚሰጠው ነገር የሕመሙ አካሄድ ነው። ሜሪ ዛናሪኒ የተባሉት ተመራማሪ በቦስተን አቅራቢያ በሚገኘው የማክሊን ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 290 የቦርደርላይን ታማሚዎችን ከ1992 ጀምሮ ለዓመታት ሲከታተሉ፣ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ 93 በመቶው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከሕመሙ ምልክቶች ነጻ ሆነው መቆየታቸውን ደርሰውበታል። ይሁንና ከምልክቶቹ ነጻ ከመሆን አልፈው በሥራና በማኅበራዊ ኑሮም ደኅና ደረጃ ላይ የደረሱት ግማሹ ብቻ ነበሩ። ስሜቱ ሲበርድ ሰውዬው የሚመለስበት ሥራ፣ ጓደኛና ቤት ካልጠበቀው የተፈወሰው ከፊሉ ነው ማለት ነው፤ የማኅበራዊ ድጋፍ ጉዳይም ከሕክምናው ጎን የሚነሣው በዚህ የተነሣ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለዚህ ሕመም ራሱን የቻለ ሕክምና ሆኖ መሰጠት እንደሌለበት መክሯል፤ ክኒን የሚታዘዘው አብሮ ለሚመጣ ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ነው።

በቡድን ማከም የተጀመረው ከአእምሮ ሕክምና ውጭ መሆኑ ለወላይታ አንባቢ የሚገርም ላይሆን ይችላል። ጆሴፍ ፕራት የተባለ የቦስተን ሐኪም በ1905 ድኾች የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ዕረፍትና ስለ አየር ሲያስተምር፣ ታማሚዎቹ ከትምህርቱ ባልተናነሰ አንዱ ሌላውን በማየቱ እንደሚበረቱ አስተዋለ። ለቦርደርላይን ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የሚሸበርበት፣ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ጥሎ የሚወጣበት ክፍል ማንንም አይፈውስም። መንገዱን የከፈቱት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የነበሩት ማርሻ ሊነሃን ናቸው። እርሳቸው ያዘጋጁትና ዲያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና የተባለው ዘዴ ራስን እንዳለ መቀበልንና ራስን መለወጥን ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሲሆን፣ ውጤቱ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ በንጽጽር ጥናት ሲታተም፣ ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ራሳቸውን የመጉዳታቸው መጠን መቀነሱና በዓመት ውስጥ በአእምሮ ሆስፒታል የተኙበት ጊዜ በአማካይ 8 ቀን ገደማ መሆኑ ታወቀ፤ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት ግን 39 ቀን ገደማ ተኝተዋል። ሊነሃን እ.ኤ.አ. በ2011 ራሳቸው በወጣትነታቸው በኮኔክቲከት በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው ከከባድ ሥቃይ ጋር የታገሉ መሆናቸውን በይፋ ሲናገሩ፣ ዘዴው ከውስጥ በሚያውቀው ሰው የተሠራ መሆኑ ተገለጠ።

በዚህ ሕክምና ውስጥ ያለው ቡድን ከስሙ እንደሚጠበቀው የሐዘን መተንፈሻ ጉባኤ አይደለም፤ ይልቁንም የትምህርት ክፍል ነው። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከሁለት መሪዎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ይሰበሰባሉ፤ በአጭር የማስተዋል ልምምድ ይጀምራሉ፤ ባለፈው ሳምንት የተሰጠውን የቤት ሥራ እያንዳንዱ እንዴት እንደሠራው ይናገራል፤ ከዚያም አዲስ ክህሎት ተምረው ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የቤት ሥራ ይዘው ይለያያሉ። ክህሎቶቹ በአራት ይከፈላሉ፦ አሁን በፊት ለፊት ያለውን ነገር ሳይፈርዱ ማስተዋል፣ ጭንቅን ነገር ሳያባብሱ ማሳለፍ፣ ስሜትን አውቆ መግራት፣ ራስን ሳያዋርዱና ሌላውን ሳይሰብሩ ከሰው ጋር መነጋገር። አንዱ ዙር 24 ሳምንት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ሲደገም ዓመት ይሞላል።

ክህሎቶቹ ወደ ወላይታ ሲመጡ ግን እንዳሉ ሊገለበጡ አይችሉም። ማስተዋል የሚባለውን ሊነሃን የወሰዱት ከዜን ቡድሂዝም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ቆጠራ ከ70 በመቶ በላይ ሕዝቡ ፕሮቴስታንት በሆነበት ዞን ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት መስሎ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም። ሆኖም የልምምዱ ፍሬ ሐሳብ ከየትኛውም እምነት ጋር የተያያዘ ስላልሆነ፣ ቡና ሲቆላ ድምፁን፣ ሽታውንና የቀለሙን ለውጥ አንድ በአንድ በመከታተል ወይም እንሰት ሲፋቅ እጅ የሚሰማውን በማስተዋል ሊሠራ ይችላል። ጭንቅን የማሳለፊያው ክህሎት ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ ለጥቂት ደቂቃ ፈጥኖ መራመድ፣ ትንፋሽን ሲያስወጡ ከማስገባቱ ይልቅ ማርዘም የሰውነትን ውጥረት ይቀንሳሉ፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ብቻ የቀዝቃዛውን ውኃ ዘዴ ሐኪም ሳያማክር መሞከር የለበትም። ይበልጥ የሚያስቸግረው አራተኛው ነው፤ የፈለጉትን በቀጥታ መጠየቅና የማይፈልጉትን በቀጥታ እምቢ ማለት የሊነሃን ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በሲያትል እንደ ብስለት ቢቆጠርም፣ አንዲት ሙሽራ ለባሏ እናት ወይም አንድ ወጣት ለአባቱ ወንድም ቢናገረው ከንቀት ሊቆጠር ይችላል። እዚህ ላይ የቡድኑ መሪ የሚያስተምረው ቃል በቃል የተተረጎመ ንግግርን ሳይሆን፣ በአካባቢው ተቀባይነት ያለውን መንገድ፣ ለምሳሌ ነገሩን በአክስት ወይም በሽማግሌ በኩል ማድረስን፣ ሳያደፈርሱና ሳያድበሰብሱ መጠቀምን መሆን አለበት።

ከክህሎቶቹ በስተጀርባ ያለው አንድ አስተሳሰብ ግን ለወላይታም ሆነ ለሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ይመስላል፤ ይኸውም ትኩረት በአደጋ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መሆን የለበትም የሚል ነው። ዕድር ሰው ሲሞት ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ሰው ሲታመም ይመጣል፤ ጸሎተኛ ሰው ሲጨነቅ ይጠራል፤ ነገሩ ሲረጋጋ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህ ለሐዘን የሚሆን ታላቅ ሀብት ነው። መተውን ከሞት አስበልጦ ለሚፈራ ሰው ግን ሳይታሰብ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ ሰላም ስትሆን ብቻህን ትሆናለህ፣ አደጋ ላይ ስትወድቅ ግን ቤትህ ይሞላል የሚል ነው። በሊነሃን ዘዴ ታማሚው ራሱን ሊጎዳ ሲቃረብ ለሐኪሙ ስልክ እንዲደውል የሚበረታታ ሲሆን፣ ራሱን ከጎዳ በኋላ ግን ለ24 ሰዓት የክህሎት ምክር በስልክ አይሰጠውም፤ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ካለ አስቸኳይ ሕክምና ማግኘቱ እንደተጠበቀ ነው። ለጆሮ የጭካኔ የሚመስለው ይህ ደንብ ዓላማው ትኩረት ከጉዳት በኋላ ሳይሆን ከጉዳት በፊት እንዲገኝ ማድረግ ነው። ከዚህ አንጻር ለሕክምና ቡድን የሚቀርበው የአገር ልማድ ዕድር ሳይሆን ዕቁብ ነው፤ ዕቁብ የሚጠራው በመከራ ሳይሆን በቀን ነው፤ ዳኛ አለው፤ ሁሉም የሚያዋጣው ድርሻ አለው፤ የቀረም ይጠየቃል። በሊነሃን ደንብም አራት ሳምንት ተከታትሎ የቀረ አባል ለዚያ ዙር ከቡድኑ ይወጣል።

ሌሎቹ የቡድን ደንቦችም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። በቡድኑ የተነገረ ከቡድኑ አይወጣም፤ አባላት ራሳቸውን ስለ ጎዱበት ሁኔታ እርስ በርሳቸው አያወሩም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ይታወቃል። ምሥጢር መጠበቅ ግን በሶዶ ከደንብ በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የከተማዋ ነዋሪ በ2007ቱ ቆጠራ 76 ሺህ ገደማ የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢያድግም፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ የዘር ሐረግ የሚተዋወቁ ሰዎች በአንድ ክፍል የመገናኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ለዚህ የሚሻለው መፍትሔ ቡድኑ የአእምሮ ሕክምና የሚል ጽሑፍ ባልተለጠፈበት ክፍል መሰብሰቡ፣ ስሙም የስሜት አያያዝ ትምህርት መባሉ፣ መሪዎቹም አባላትን ከመቀበላቸው በፊት ለየብቻ አነጋግረው ማን ከማን ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለው ማወቃቸው ነው።

ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘውና አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው ሶዶ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ መነሻ የሚሆን ነገር አላት። በቀድሞ ስሙ ኦቶና ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ እንዲሁም በየቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአንድ ሰንሰለት ሊያያዙ ይችላሉ። ችግሩ ሰንሰለቱ ስለዚህ ሕመም የሚናገር ቀለበት የሌለው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አዘጋጅቶ በ2016 ያሻሻለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ድብርትን፣ ሳይኮሲስ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታን፣ የሱስ ችግርንና ራስን መጉዳትን የሚያካትት ሲሆን፣ ስለ ስብዕና መታወክ የተለየ ምዕራፍ የለውም። በመመሪያው መሠረት የምትሠራ የጤና ጣቢያ ነርስ እንዲህ ያለውን ታማሚ የምታገኘው ራስን መጉዳት በሚለው ምዕራፍ በኩል ብቻ ነው፤ ቁስሉ ይታጠባል፣ የመርዙ ጉዳት ይታከማል፣ ቤተሰቡም የእርሻ ኬሚካልን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ይነገረዋል፤ ይህ ሕይወት የሚያድን ተገቢ ምክር ሆኖ ሳለ፣ ሰውዬው በሚቀጥለው ሳምንት የት ሄዶ ምን እንደሚማር ግን አይናገርም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሊነሃንን ሙሉ ሕክምና ማለትም የግል ሕክምናን፣ ቡድንን፣ የስልክ ምክርንና የሐኪሞችን ምክክር በአንድነት ማምጣት ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ያነሰውም እንደሚሠራ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የቶሮንቶ ጥናት 84 ታማሚዎችን አሳትፎ፣ የ20 ሳምንቱ የክህሎት ቡድን ብቻውን ራስን የመጉዳት ድርጊትን ተራ ከመጠበቅ በተሻለ መቀነሱን አሳይቷል። ለሶዶ ይበልጥ የሚመች የሚመስለው ግን በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ ናንሲ ብሉም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሰናዱት ስቴፕስ የተባለው የ20 ሳምንት ትምህርት ነው፤ በ2008 በ124 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የተለመደው ሕክምና ላይ ሲጨመር የስሜት መዋዠቅንና ድብርትን እንደሚያቃልል አሳይቷል። ስቴፕስ ተሳታፊው የስሜቱን ግለት ከአንድ እስከ አምስት ባሉ ደረጃዎች እንዲለካ በምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ሥዕል ይጠቀማል፤ አንደኛው ደረጃ የቀዘቀዘ፣ አምስተኛው የሚገነፍል ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህን በወላይትኛ ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ሌላው ጥቅሙ ቤተሰብንና ወዳጅን የድጋፍ ቡድን አድርጎ ቋንቋውን ማስተማሩ ነው፤ ባል ወይም እናት ዛሬ ስንተኛ ላይ ነህ ብለው ሲጠይቁ ጭቅጭቁ ወደ መረጃ ይለወጣል።

ቤተሰቡ በወላይታ ተጨማሪ ጉዳይ ሳይሆን ዋናው ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ የሚኖረው በአንድ ግቢ ከብዙ ሰው ጋር ነውና። አለን ፍሩዜቲና ፔሪ ሆፍማን ያዘጋጁት የ12 ሳምንት የቤተሰብ ትምህርት ታማሚ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ለብቻቸው ሰብስቦ ሕመሙን የሚያስረዳ፣ ስሜትን ሳያጣጥሉ ማዳመጥን የሚያለማምድ ነው፤ የሚመሩትም ሠልጥነው የመጡ የሌሎች ታማሚዎች ቤተሰቦች መሆናቸው ባለሙያ ባነሰበት ቦታ ትልቅ ጥቅም አለው። ስሜትን መረዳት ማለት በድርጊቱ መስማማት ማለት እንዳልሆነ ቤተሰብ ሊገባው ይገባል፤ ሰሌዳ የሰበረ ልጅ መቆጣቱን ተረድቶ ሰሌዳውን እንዲጠግን መጠየቅ ይቻላል።

ቡድን አቋቁሞ የማስኬድ ልምድ በወላይታ ያልታየ አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውና በቀይ እሳተ ገሞራ አፈር ላይ ባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ዞኑን አጥብቆ የጎዳ ሲሆን፣ ታማሚው ከጋብቻ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ የሚገለልበት ነበር። በአሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው ጀማሪነት ሶዶን ማዕከል አድርጎ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ሥራ ታማሚዎችን በየአካባቢው ሰብስቦ እግራቸውን እንዲታጠቡና እንዲንከባከቡ ሲያስተምር፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ይገኙበታል። እግርን መታጠብ ስሜትን ከመግራት ጋር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን በየጊዜው መገናኘት፣ ቤት የሚሠራ ሥራ ይዞ መሄድ፣ ትናንት ታማሚ የነበረ ዛሬ ሲያስተምር ማየት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ስሙ ከወላይታ ሶዶ ጋር የሚምታታው በጉራጌ የሚገኘው የሶዶ ወረዳም ሌላ ማስረጃ ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱና ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች የዕለት ኑሮ አቅም ማሻሻል እንደሚችሉ አሳይቷል። በኡጋንዳ ማሳካና ራካይም በ2003 የታተመ ጥናት፣ ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለ16 ሳምንት በመሯቸው ቡድኖች ድብርት ያለባቸው ተሳታፊዎች ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲወርዱ፣ ቡድን ባልነበራቸው መንደሮች ግን 55 በመቶ ገደማ አሁንም በድብርት ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም ስለ ሌላ ሕመም የተደረጉ ስለሆኑ ለቦርደርላይን ማስረጃ ተደርገው ሊጠቀሱ አይገባም፤ የሚያሳዩት ሐኪም ያልሆነ ሰው በሚገባ ሲሠለጥንና ሲታገዝ ቡድን መምራት እንደሚችል ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ግንኙነት ብቻውን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የጸሎት ኅብረት ለብዙዎች ትልቅ ማረፊያ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ምስክርነት የሚሰጥበት ልማድ ያለፈውንና ድል የተነሣውን ነገር መናገርን ሲያበረታታ፣ የክህሎት ቡድን ደግሞ በዚህ ሳምንት ያልተሳካውን መናገርን ይጠይቃል። ከጸሎት በኋላ ተፈወስሁ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ስሜቱ ሲመለስ፣ የሚያፍረው በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በእምነቱም ስለሚሆን ዳግመኛ ላይናገር ይችላል። ከመጋቢዎችና ከካህናት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ጸሎቱም ቡድኑም በየፊናቸው እንዲቀጥሉ መስማማት ከሁለት አንዱን ምረጥ ከማለት ይሻላል።

ሥራው ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ ሊታሰብላቸው የሚገባው መሪዎቹ ናቸው። ሊነሃን የሐኪሞችን ሳምንታዊ ምክክር የሕክምናው አንድ አካል ያደረጉት፣ ዘወትር የሞት ዛቻ የሚሰማ ባለሙያ ወይ ይደነዝዛል ወይ ከታማሚው ጋር አብሮ ይዋልላል በሚል ነው። በሶዶ አንድ የሳይካትሪ ነርስ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና መምህርና አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀምጠው ቢመካከሩ፣ ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸውም በአዲስ አበባ ለሚገኙ ባልደረቦቻቸው ቢደውሉ የዚህ ግማሹ ይገኛል። ቡድኑን ሁለት ሰዎች እንዲመሩት የሚያስገድደው ሌላው ምክንያት የመንግሥት ባለሙያ ዝውውርና የትምህርት ዕድል ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሳምንቱን ሳያጓድል ይቀጥላል፤ የሚሄደውም ባለሙያ ደብዳቤው እንደደረሰው ለአባላቱ ቀኑን ነግሮ፣ ቢያንስ አንዱን ሳምንት ለስንብት ሰጥቶ፣ ተተኪውን በአካል አስተዋውቆ ይለያል።